የላይኛው ትሪ

አቃቂ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ውድ አሰጋሽ፣

«ውድ» ብዬ ስጀምር ከንፈርሽን ስትነክሺ ይታየኛል። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ስለ ሽንኩርት ስናገር እንጂ ስላንቺ ስናገር ሰምተሽኝ አታውቂም። ይህቺ የመጨረሻዋ ቀልድ ትሁን። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዳልቀልድ ለንስሐ አባታችን ቃል ገብቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የምጽፍልሽ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ፣ የልጅ ልጃችን የሃዊ ማድረቂያ ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ነው። ማሽኑ ከትናንት ጧት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው። ሃያ ስድስት ሰዓት ሞላው፤ ስምንት ይቀረዋል። ሆዱ ውስጥ አራት ትሪ ሽሮ አለ፤ ያንቺ ነው። መብራት ከሄደ በረዶ የሆነው ይቀልጣል፤ ከቀለጠ ደግሞ ነገ የምትበዪው የለሽም። ስለዚህ አንድ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ ማሽኑ ግንባር ላይ በምትበራው ቁጥር ላይ ነው። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በዪኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፤ ዞር ዞር ካልኩ እንደ ልማዴ አመልጣለሁ። ሽሮሽ ውስጥ ቅቤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ግን አንቺን ብዬ አልነበረም።

ሐምሌ ሃያ ስምንትን ታስታውሻለሽ። ሃዊ ለሱባዔሽ ስንቅ የሠራችበት ቀን ነው። እማማ ስኳር አለባት፣ ጥርሷም አልቋል፣ ዐሥራ አምስት ቀን በጥሬ ሽምብራ አትችልም ብላ፣ በቀን አንድ ከረጢት እንዲበቃሽ፤ አንቺ ከቅዳሴ በኋላ ሙቅ ውሃ ብቻ ልታፈሺበት። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ፣ ድርቆሽም ቋንጣም ስናደርቅ የኖርነው በፀሐይ ነው፣ ይኼ በብርድ የሚያደርቅ ከየት መጣ ስትዪ፣ ልጅቷ ያንን ሆዷን ደግፋ በትዕግሥት አስረዳችን። መጀመሪያ ድንጋይ እስኪሆን ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ ፓምፑ አየሩን ይመጠዋል፤ በረዶው ውሃ ሳይሆን እንዲሁ ተንኖ ይሄዳል። የሚቀረው እንደ ደረቅ ቅጠል የቀለለ፣ ታሽጎ ዓመት ቢቀመጥ የማይበላሽ ምግብ ነው። ይህን ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ቅቤ የነካው ነገር ግን አይገባም። የሚወጣው ውሃው ነው እንጂ ቅባት አይደርቅም። ፓምፑንም ያቆሽሽብኛል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ለኖርኩ ሰው ነው ይህን የምትናገረው። ቅቤ የሚፈራ ፓምፕ በዕድሜዬ አላየሁም አልኩ በሆዴ። እሷ ለክትትል ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ አንቺም ለመንገድሽ ነጠላሽን ስታጥቢ፣ ከቅልሽ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወሰድኩ። አቀለጥኩት። የላይኛው ትሪ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ በማንኪያ ጀርባ አማሰልኩት። ሐሳቤ የቅበላ ዕለት ከዚያ ትሪ የወጣውን በጥብጬ ለሃዊ ማቅረብ ነበር፤ ስታጣጥመው «ይኸው፣ ማሽንሽ ቅቤ በላ» ልላት። ጾም ሳይገባ ነበር የሚያልቀው። አንቺም ትስቂ ነበር።

ግን የቅበላ ዕለት ያ ሌላው አያቷ ጉተማ ጠራኝ። የጉተማን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ሥጋው እስኪያልቅ ሰው አይነሣም። ማታ ስመለስ አንቺ ከሴቶቹ ጋር ወደ ገዳሙ ሄደሻል። ሃዊም ትሪዎቹን ገልብጣ፣ ደረቁን ሽሮ በእጇ ፈርፍራ፣ በዐሥራ አምስት ብርማ ከረጢት አሽጋ፣ በሁሉም ላይ «የጾም» ብላ ጽፋ ሰጥታሻለች። የሽሮ ሽታ ስለሚያቅለሸልሻት አፍንጫዋን ሸፍና ነበር የሠራችው። ረስቼው ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም። ቅባቱን አይታ ለብቻው ያኖረችው መስሎኝ፣ መጥታ የምትጮህብኝን ሰዓት በጉጉት እየጠበቅሁ ነበር።

ነሐሴ ሦስት የፓምፑን ዘይት እንድቀይርላት ጠየቀችኝ። ዘይቱ እንደ አጓት ደፍርሶ ወጣ። ፓምፕ እንደማይዋሽ ካንቺ በላይ አውቃለሁ። ቀስ ብዬ፣ የላይኛው ትሪ ምን ሆነ አልኳት። ትንሽ ረጠብ ብሎባት ሁለት ሰዓት እንደጨመረችበት ነገረችኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለእማማ ሄደ። ሁሉም ለእማማ ነው የሄደው።»

ፓምፑ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ሃዊ ወገቤን ያመመኝ መስሏት ይቀመጡ ይቀመጡ አለችኝ፤ እኔም ወገቤን ነው አልኳት። ሐኪሙ እንዳትደነግጥ፣ ከአልጋዋም ብዙ እንዳትርቅ ብሏል። ሁለቱ ጽንሶች በዚሁ በሰባተኛው ወር እንደሄዱባት አልረሳሁም። ባሏም መኪናውን ይዞ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ በሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ቆመሽ የተሳልሽውን ከኋላሽ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ሱባዔውን ቅባት ምላሴን ሳይነካ እፈጽማለሁ፣ አንቺ ደግሞ ይህቺን ልጅ በሰላም አገላግዪልኝ፣ እንደ እናቷ አታድርጊብኝ። ልጃችን እምነት በወሊድ ከሄደች ወዲህ አንቺ ለምነሽ የምታውቂው ይህንኑ አንድ ነገር ነው። እኔ በአንድ ማንኪያ ገባሁበት።

በማግሥቱ ወዳንቺ መጣሁ። ሚኒባስ እስከ ዱከም፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ጭቃው ውስጥ በእግሬ። ወንዙ ጋ ስደርስ ውሃው ሞልቶ ሁለት ገበሬዎች ክንድና ክንዴን ይዘው አሻገሩኝ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ደጀ ሰላሙ ላይ ከሴቶቹ ጋር ወጣሽ። በሰላም ነው ወይ የመጣኸው አልሽኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያጠናሁት አልነበረም።

«ሽሮው ጨው አነሰው ወይ ብዬ ነው» አልኩሽ።

ሴቶቹ ሳቁ። አንቺ አልሳቅሽም። ካፊያው ነጠላሽ ላይ እየወረደ ቆመሽ አየሽኝ።

«ሌላ የምትነግረኝ የለም?»

«ምን ይኖራል?»

ከዚያ መንገድ እንዳይመሽብህ አልሽና ዞርሽ። ደረጃው ጋ ስትደርሺ ምሰሶውን ይዘሽ ትንሽ ቆምሽ። ዕድሜ ነው ብዬ ሄድኩ። ያን ቀን አንቺ ካወቅሽው ሁለት ቀን ሆኖሽ እንደነበር፣ አፌን እየጠበቅሽልኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ቤት ገብቼ እህል አልወርድልህ አለኝ። ነሐሴ ስድስት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባ ሲሰሙኝ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳታውቅ የበላች ኃጢአት የለባትም፣ ሸክሙ ያንተ ነው አሉ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ እንዳንቺው በደረቅ እንድጾም፣ ቅባት ከነካሁ ከአንድ እንድጀምር አዘዙኝ። ቀጥለው፣ ሄደህ ንገራት አሉ። ሄጄ ነበር አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ወንድዬ፣ አፍህ የነካው ሁሉ ቀልድ ይሆናል። ጻፍላት።»

ያን ማታ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አራተኛውን ሳልጀምር በማግሥቱ ጉተማ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

አሰጋሽ፣ ጉተማን ሳይስቅ አይቼው አላውቅም። የልጁን ቀብር ዕለት እንኳ፣ የሃዊን አባት ስንቀብር፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ስለ ቆፋሪው ቆብ አንድ ነገር ብሎ ነበር። ያን ቀን ግን ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ዐሥራ ሦስት ከረጢት እንደታሸገ፣ አንድ ተከፍቶ የታጠፈ። እሱ ወንበር አልሳበም።

«እንዲህ በለው አለችኝ» አለ። «በሁለተኛው ቀን ሙቅ ውሃ ሳፈስበት ቅቤ ሸተተኝ፤ አልቀመስኩትም። ከዚያ ወዲህ የትኛው ቀልድ፣ የትኛው ምግብ እንደሆነ ስላላወቅሁ አንዱንም አልከፈትኩም።»

ስእለትሽ እንዳልፈረሰ ሳውቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ጉተማ በእጁ ከለከለኝ። ትናንት ቅዳሴ ላይ ወድቃለች አለኝ። ስድስት ቀን ሙሉ በሦስት ጥርስሽ ሽምብራ ስታላምጪ ነበር። ስኳርሽ ወርዶ ሲያዞርሽ ሴቶቹ በሶ በጥብጠው ቢሰጡሽ፣ ማን በጠበጠው እያልሽ ትመልሺዋለሽ። ነይ እንሂድ ቢልሽም እንቢ ብለሻል።

«ሃዊ የሁለታችንም የልጅ ልጅ ናት» አለኝ በመጨረሻ። «ይህቺ ሴት በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ከሆነች፣ እኔና አንተ ምን እንባባላለን?»

እንግዲህ ሃዊን መደበቅ አልቻልኩም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። አልጮኸችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታይ ነበር።

«አባባ፣ እማማ ለኔ ብላ ወድቃ ከቀረች፣ ይህን ልጅ በምን እጄ አቅፈዋለሁ?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ወዲያው ማዘዝ ጀመረች። ትሪዎቹን በሎሚና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። የፓምፑን ዘይት ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ሁለተኛው እንደ ጠበል ጠርቶ ወጣ። ቅቤ የማያውቅ አዲስ ሸክላ ድስት ከገበያ አመጣሁ። ሽሮውን እኔ ሠራሁት፣ እሷ ከአልጋዋ እየመራችኝ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ዘይት እንኳ የለውም። ትኩሱን እንዳንልክልሽ ወንዙን ታውቂዋለሽ፣ ጉተማ በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚሻገረው፤ የበሰለ ነገር ደግሞ በዚያ እርጥበት አያድርም። ከዚህ ማሽን በቀር መንገድ የለንም። ከዚያ ወዲህ ይኸው እዚህ ሳጥን ላይ ነኝ። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ሃዊ በስልክ ትቀሰቅሰኛለች፣ ቁጥሩን አነብላታለሁ፣ እሺ ትላለች፣ ትዘጋለች።

አሁን ሃያ ዘጠነኛው ሰዓት ሊ

ይህን መስመር ሳልጨርስ የተነሣሁት መብራት ስለሄደ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥቁር የጣቴ ነው፤ ቤንዚንም ይሸትሻል።

ፓምፑ አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። የዚያን ዝምታ ድምፅ አልነግርሽም። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«በሩን እንዳይከፍቱት። ካልተከፈተ አንድ ሰዓት ያህል ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቀልጣል።»

ሰዓቱን አየሁ፤ ከቀኑ ሰባት ከአምስት። ጄነሬተር ያለው ዚያድ ብቻ ነው፣ በሰቃ ሠፈር ያለው ብረት በያጅ። ዝናብ ውስጥ ነጠላ ጫማዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ስልሽ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ሩጫ ነው፣ አንድ ፍየል ቀድማኛለች። (አባ ይህችን አይቁጠሩብኝ፤ እውነት ነው።) ስደርስ ዚያድ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ሳቀ። አምና ማዘጋጃ ቤቱ ጄነሬተር ሊወርስ እየመጣ ነው ብዬው፣ ግማሽ ቀን ቆርቆሮ ሥር ደብቆት የዋለ ሰው ነው።

«ጋሽ ወንድዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሊወርሰን ነው?»

ጄነሬተሩን ለአንድ ከሰዓት አውሰኝ አልኩት። ለምን ሲለኝ ሽሮ ላደርቅ አልኩት። ብየዳ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው፤ እውነቱ ግን ከማንኛውም ቀልዴ በላይ ቀልድ ይመስላል። ሰዓቴ ሰባት ከሃያ ሁለት ይላል። በመሐላ ልጀምር አሰብኩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደማልኩ ትዝ አለኝና ተውኩት። እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

«አሰጋሽ ወድቃለች» አልኩ።

ዚያድ ፊቴን አየው። ምን እንዳየ አላውቅም፤ መነጽሩን አውልቆ የሚሠራውን አቋረጠ፣ ባጃጅ አስቆመ፣ ጄነሬተሩን ከልጆቹ ጋር አንሥቶ ጫነው። አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሽቦውን ራሱ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ገጠመው። ፓምፑ ሲነሣ ሰዓቱ ሰባት ከሃምሳ ሦስት ነበር። አርባ ስምንት ደቂቃ። ሃዊ በስልኩ ውስጥ ትተነፍሳለች፣ እኔ ቁጥሩን እጠብቃለሁ፤ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ አየነው። ዚያድ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለእትዬ አሰጋሽ ምሕረቱን ያውርድላት አለ።

አርባ ስምንቱ ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ሳስብ ነበር፤ እዚሁ ልጻፈው። እምነት የሚኒስትሪ ፈተና ያለፈች ቀን ትዝ ይልሻል? ውጤቱን ትምህርት ቤት ሄጄ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ከበር ስገባ «ወደቀች» አልኳችሁ። እስኪመሽ አለቀሰች፤ አንቺም ምሳ ሳትቀምሺ ዋልሽ። እኔ ጓሮ ሆኜ ሳቄን አፍን ነበር። ማታ ስነግራችሁ እሷ እየዘለለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ አንቺ ግን ሳህኖቹን ማጠብ አላቆምሽም። የዚያን ግማሽ ቀን ሒሳብ አልጠየቅሽኝም። ልጅቷ ዛሬ ብትኖር እኔ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ማሽኑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቆመ። በሩን ከፈትኩት። ሽሮው እንደ ደረቀ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ በጣቴ ስነካው ብን አለ። ልቤ ግን አላረፈም፤ አንቺን የሚያሳምነው የኔ ጣት አይደለም።

ስለዚህ የዚህን ወረቀት ታችኛውን ሁለት ጥግ ወደ ብርሃን ይዘሽ እዪው። በስተቀኝ ያለው ላይ አንቺ የመለስሽውን፣ የተከፈተውን ከረጢት ሽሮ አሽቼበታለሁ። እንደ ሻማ ወረቀት ያበራል፤ ቅቤው ነው። በስተግራ ያለው ላይ ዛሬ የወጣውን አሽቼበታለሁ፤ ከአራቱም ትሪ፣ ከላይኛው ሁለት ጊዜ። ደረቅ ነው። ወረቀት መዋሸት አልለመደም።

ይህ ካልበቃሽ ደግሞ ነገ እዚያው ነኝ። ጉተማ ይህን ደብዳቤ ይሰጥሻል፤ እኔ ከደጀ ሰላሙ ውጪ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር እቆማለሁ። አልጠራሽም። ስድስት ከረጢት ይዣለሁ፣ ለቀሩሽ ስድስት ቀናት። በላያቸው ምንም አልተጻፈም፤ ጽሑፉ ምን እንዳደረገሽ አይተሻል። ኩባያሽን ይዘሽ ውጪ። አንዱን ከረጢት በራስሽ ጣት ምረጪ፣ ሙቅ ውሃውን አንቺ አፍስሺበት። መጀመሪያ የምጎነጨው እኔ ነኝ። ቅባት ካለበት ንስሐዬ ከአንድ ይጀምራል፤ የቀረውን አንቺ ትደፊዋለሽ፣ እኔም ሌላ ልሠራ እመለሳለሁ። ከሌለበት ግን፣ አሰጋሽ፣ እባክሽ ጠጪው። ለኔ ብለሽ አይደለም። ሃዊ አልጋዋ ላይ ሆና በስልክ ትጠብቃለች፤ ቁጥር አይደለም የምትጠይቀኝ፣ በላች ወይ ነው።

አልምልልሽም። የምናገረውንም አትስሚ፤ አፌን ታውቂዋለሽ። ፊቴን ብቻ እዪ።

ስጎነጭ ስስቅ ካየሽኝ፣ አትብዪ።

ወንድዬ